ጊቤን ሲሻገር የሚንገጫገጨው ራቭ ፎር

ጥያቄው፦ «እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2003 የተሠራ አውቶማቲክ ራቭ ፎር አለኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ ስነዳው ምንም አይለኝም። በየወሩ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ግን ጊቤን ተሻግሬ የወልቂጤን አቀበት ስጀምር፣ ማርሹ በተቀየረ ቁጥር ከኋላዬ በመዶሻ የተመታሁ ይመስለኛል፤ የሞተር ሥዕል ያለበት ቢጫ መብራትም ይበራል። አድሮ ሲበርድ ሁሉም ይተወዋል። አንዱ ጋራዥ ካምቢዮው አልቋል፣ ይቀየር አለኝ። ሌላው ኮምፒውተሩ ነው አለ። ወንድሜ ደግሞ ኮምፒውተር የበዛበት መኪና ካረጀ መድኃኒት ስለሌለው ሽጠሽ ተገላገይ፣ ኤሌክትሪክ መኪና ግዢ ይለኛል። እኔ ሌላ አሥር ዓመት ልይዘው ነው የምፈልገው። ይቻላል ወይ?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይቻላል። ግን ነገሩ ተለክቶ እስኪታወቅ ድረስ ካምቢዮም ኮምፒውተርም እንዳይገዙ እለምንዎታለሁ። ጅማ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየሁት ትልቁ ኪሳራ ጤነኛ ዕቃ ወልቆ፣ የማይታወቅ ያገለገለ ዕቃ በቦታው ሲገባ የደረሰው ነው።

ከጻፉልኝ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሎብኛል፤ ኮዱ። ቢጫው መብራት የሚበራው ኮምፒውተሩ ጥፋት አግኝቶ በቁጥር ከመዘገበ በኋላ ነው። ከቁጥሩ ጋር፣ ጥፋቱ በታየባት ቅጽበት መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር፣ ሞተሩ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞር እንደነበር አብሮ ያስቀምጣል። የምስክር ቃል ነው። ሁለት ጋራዦች ፍርድ ሲሰጡ አንዳቸውም ምስክሩን አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው ለእርስዎ አልነገሩም። ይባስ ብሎ ብዙ ቦታ መብራቱን «ለመጠገን» የባትሪውን ገመድ ለጥቂት ደቂቃ ነቅለው ይመልሱታል። መብራቱ ይጠፋል፤ የምስክሩም ቃል አብሮ ይጠፋል። ከዛሬ ጀምሮ ስካነር (ኮድ ማንበቢያ መሣሪያ) የሚሰካ ሰው ሁሉ ምንም ነገር ከማጥፋቱ በፊት ኮዱን በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ወረቀቱን ከሊብሬዎ ጋር ያስቀምጡት። ከዓመት በኋላ ያ ወረቀት ከማንኛውም መካኒክ ትዝታ ይበልጣል፤ የእኔን ትዝታ ጨምሮ።

ኮዱን ሳላይ የጠረጠርኩትን ልንገርዎት። ይህ ሞዴል የኋላ ታሪክ አለው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠራቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ለአሜሪካ ገበያ ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩ አውቶማቲክ ራቭ ፎሮች ላይ የሞተሩ ኮምፒውተር እየተበላሸ ማርሹ በኃይል እየመታ እንዲቀየር ያደርግ ስለነበር፣ ቶዮታ ለዚያ ኮምፒውተር የሚሰጠውን ዋስትና እስከ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አራዝሞት ነበር። የእርስዎ መኪና ለሌላ ገበያ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ይህ ለጥርጣሬ ይበቃል፤ ለፍርድ ግን አይበቃም። በኮሮላም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ቶዮታ በ2010 በአሜሪካና በካናዳ ከ2005 እስከ 2008 የተሠሩ 1.13 ሚሊዮን ገደማ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለጥገና የጠራው፣ በሞተሩ ኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ያለው ብየዳ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ነበር።

የእርስዎ መኪና ጅማ ላይ ጨዋ፣ ጊቤ ላይ ባለጌ መሆኑ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከእኛ ደጋ በብዙ መቶ ሜትር ወርደው የጊቤ ሙቀት ውስጥ ይገባሉ፤ ወዲያው ሞተሩና ካምቢዮው አቀበቱን በሙሉ ጉልበት መግፋት ይጀምራሉ። በኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ ያሉት መዳብ፣ ሙጫ፣ ሴራሚክና የቆርቆሮ ብየዳ ሲሞቁ እኩል አይሰፉም። ለሃያ ዓመት ሲሰፉና ሲኮማተሩ ኖረው ብየዳው ላይ ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ትፈጠራለች። ሲሞቅ ትከፈታለች፤ ሲበርድ ትገጥማለች። በማግሥቱ ጋራዥ ሲደርሱ መኪናው ቀዝቅዟል፤ መካኒኩ ዞር ዞር አድርጎ ይነዳውና ምንም አላየሁም ይላል። አልዋሸም።

ይሁን እንጂ ሙቀት ብቻውን ኮምፒውተሩን አያስከስስም። የካምቢዮ ዘይትም ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ያለቀ ካምቢዮም ሲሞቅ ነው የሚብሰው። ስለዚህ መለካት ግድ ነው።

በዘይቱ ይጀመር። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆና እየሠራ፣ በመለኪያው ዘንግ ይታይ። ዘይቱ ከጠቆረና ያረረ ቡና የሚመስል ሽታ ካለው የመጀመሪያው ጋራዥ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ቀይ ወይም ቀላ ያለና ሽታው ደህና ከሆነ ግን ካምቢዮውን ለማውረድ መቸኮል አያስፈልግም። በነገራችን ላይ ይህ መኪና የሚፈልገው ቶዮታ ታይፕ ቲ-4 የሚለውን ዘይት ነው። «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» ከሚል ሰው ይጠንቀቁ።

ቀጥሎ በካምቢዮው ውስጥ ያሉት፣ በኤሌክትሪክ እየታዘዙ ማርሽ የሚቀይሩት ቫልቮች ይለኩ። ኮዱ ፒ0750 ወይም ፒ0755 ከሆነ የሚከሰሱት እነዚህ ናቸው። ቫልቮቹ የሚለኩት ካምቢዮው ሥር ተገብቶ ሳይሆን እላይ፣ በኮምፒውተሩ ሶኬት በኩል ነው። ኮምፒውተሩ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የክሩስኮት ኪስ ኋላ ተቀምጧል። ከዚያ ሲለካ ቫልቩም፣ እስከ ቫልቩ የሚወርደው ሽቦም አንድ ላይ ይፈተሻሉ። እንደ ቫልቩ ዓይነት አንዳንዱ 5 ኦም ተኩል ገደማ (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ ሌላው ከ11 እስከ 15 ኦም ማሳየት አለበት። ይህ መለኪያ ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንዴ ቀዝቅዞ፣ አንዴ አቀበት ወጥቶ እንደገባ፣ ገና እንደጋለ። ሁለቱም ጊዜ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ኮምፒውተሩ ግን «መስመሩ ተቋርጧል» ብሎ ከመዘገበ፣ የተቋረጠው በራሱ ሆድ ውስጥ ነው። ሙቅ ሲሆን ብቻ ቁጥሩ ካበደ ደግሞ ጥፋቱ ቫልቩ ወይም ሽቦው ላይ ነው፤ ሁለቱም ሙሉ ካምቢዮ ሳይቀየር ይጠገናሉ።

ሥራው የግማሽ ቀን ነው። አንድ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ትዕግሥት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አስጠነቅቅዎታለሁ፦ ይህን ምት ችለው ለወራት አይንዱ። እያንዳንዱ ምት ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የሚያጣብቁ ሰሌዳዎች ይበላል፤ በኮምፒውተር የተጀመረ ሕመም በመጨረሻ የእውነት የካምቢዮ ሞት ይሆናል። አንድ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ ካምቢዮ አስቀይሮ፣ የድሮውን ኮምፒውተር ሳይነካ ነድቶ፣ አዲስ የገባውን ካምቢዮ በዚያው ዓመት ቀበረው። ገዳዩ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው ሁለተኛው ሟች የገባው።

ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ከሆነስ? ከተሰነጠቀው ብየዳ በላይ ካልሄደ ይጠገናል። ሰሌዳው ወጥቶ፣ በማጉያ ታይቶ፣ የተሰነጠቁት ነጥቦች በአዲስ ቆርቆሮ ይበየዳሉ። ይህ የሰዓት ጠጋኝ ዓይነት እጅ ይፈልጋል፤ የራዲያተር መበየጃ ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳያስነኩት። ካልተጠገነ ያገለገለ ይፈለጋል፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መሄድ ሊኖርብዎት ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ላያቸው አንድ ዓይነት፣ ሶኬታቸውም አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጣቸው ለሌላ ሞተር ወይም ለማኑዋል ካምቢዮ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ በ89661 የሚጀምር ቁጥር አለ፤ የሚገዛው ከዚያ ቁጥር በኋላ ያሉት አምስት አኃዞችም አንድ በአንድ ሲገጥሙ ነው።

ቁጥሩ ቢገጥምም መኪናው ላይነሣ ይችላል። ሌባ መከላከያ ያለው ከሆነ የቁልፍዎ ማንነት የተጻፈው በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለች፣ ስምንት እግር ባላት ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ላይ ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒውተር የሌላ ሰው ቁልፍ ነው የሚያውቀው። መፍትሔው ከድሮው ቺፕ ላይ ያለውን ማስታወሻ አንብቦ ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው። የድሮው ከተቃጠለ ግን ምን ይነበባል?

ስለዚህ የአሥር ዓመት ምኞትዎ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ወንድምዎ የሚፈራው ዕቃ እንዳይጠፋ ነው። ዕቃ አይጠፋም፤ የአገራችን መንገድ በቶዮታ የተሞላ ነው፣ አንዱ ሲወድቅ ለአምስቱ መለዋወጫ ይሆናል። የሚጠፋው መረጃ ነው፤ በአንድ ቺፕ ላይ በአንድ ቅጂ ብቻ የተቀመጠ፣ ለእርስዎ መኪና ብቻ የሚሠራ መረጃ። ኮምፒውተሩ በሕይወት እያለ፣ መኪናውም በደንብ እየነዳ፣ ያ ማስታወሻ ተነብቦ ይቀመጥልዎ። የሚሠራው ሰው ፋይሉን በፍላሽ እንዲሰጥዎ ያድርጉ፤ እሱ ዘንድ ብቻ አይቅር፤ ሰው ከተማ ይለቃል፣ ላፕቶፕም ይሰረቃል። ሰው ጤነኛ እያለ ኑዛዜ ያጽፋል፤ መኪናም እንዲሁ ነው።

ቁልፍስ ስንት አለዎት? አንድ ብቻ ካለዎት ከካምቢዮው ይልቅ እሱ ያስፈራኛል። በነዚህ ዓመታት ቶዮታ ቁልፎች ዋናና ረዳት ተብለው ይለያሉ፤ አዲስ ቁልፍ ለማስመዝገብ ዋናው ቁልፍ መኖር አለበት። ዋናው አዌቱ ወንዝ ውስጥ ከገባ ወይም ገበያ ላይ ከጠፋ፣ በጥቂት ደቂቃ ሊያልቅ የነበረው ሥራ ኮምፒውተር አውጥቶ ቺፕ መፍታት ይሆናል። ሁለተኛ ዋና ቁልፍ አሁኑኑ ያስመዝግቡ።

ኮምፒውተሩን በሰላም ስለማኖር ደግሞ ሦስት ጠላቶች አሉ፤ የተበላሸ ቮልቴጅ፣ ውሃና የሰው እጅ። የመጀመሪያው በቀላሉ ይታያል። ባትሪው መኪናው አድሮ ሳይነሣ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ባዶ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ከተነሣ በኋላ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ መስጠት አለበት። ብዙ ሰው የማይለካው አንድ ነገር አለ፤ በመልቲሜትሩ የኤሲ (ተለዋዋጭ) ቮልት መስመር ባትሪው ጫፍ ላይ ሲለካ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ የዲናሞው ዳዮድ ተበላሽቷል። እንዲህ ያለ ዲናሞ ባትሪ ስለሚሞላ ማንም አይጠረጥረውም፤ ኮምፒውተሩን ግን ቀን ከሌሊት ያውከዋል።

ከዚያ የኔጋቲቩ መስመር። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት ሁሉ በርቶ፣ በባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል ይለኩ፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ከታየ ማሰሪያው ዝጓል ማለት ነው። ብሎኑ ተፈትቶ፣ ብረቱ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ተፍቆ፣ ተመልሶ ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ላዩ በግሪስ ይሸፈን። የዕቃ ዋጋ የለውም። «ሴንሰሩ ሁሉ ተበላሽቷል» ተብለው ወደ እኔ ከመጡ መኪኖች ስንቱ በዚህ አንድ ብሎን እንደዳነ ብነግርዎት ባለጋራዦቹ ይጣሉኛል።

አንድ ልማድ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዲናሞው መሥራቱን ለማረጋገጥ ብለው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላሉ። መኪናው ካልጠፋ «ዲናሞው ደህና ነው» ይባላል። በካርቡሬተር ዘመን ይህ አጉል ብልሃት ነበር፤ ዛሬ ግን መግደል ነው። ዲናሞው እየሞላው የነበረው ባትሪ በድንገት ሲነጠቅ፣ በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ለቅጽበት ወደ 100 ቮልት ሊጠጋ የሚችል ምት ይለቃል። ባትሪው የዚያ ምት መዋጫ ነበር። ኮምፒውተሩ ያን ዕለት ላይሞት ይችላል፤ ቆስሎ ይወጣና ከወራት በኋላ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ገመዱን የነቀለውን ሰው ማንም አያስታውሰውም። ፓራውልት ወይም ሻሲ በኤሌክትሪክ ሲበየድም እንዲሁ ነው፤ የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ካልተፈቱ ብየዳ አይጀመር። አጠገቡ ቆመው ያስፈቱ፤ ሰውዬው ቅር ይበለው።

በኋላ የገቡ አላርሞች፣ ሬዲዮዎችና መከታተያዎችም ባትሪውን ያደክማሉ። መኪናው ተቆልፎ ሲተኛ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ መውሰድ የለበትም። ይህም ቢሆን በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግማሹን ይጨርሳል። መኪናውን ለሳምንታት ለሚያቆም ሰው ይህ ተራ ስሌት አይደለም።

ውሃ ግን የጅማ ጠላት ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ከተማ ውስጥ ሆነን መኪና ስናሳጥብ ደግሞ ኮፈን አስከፍተን ሞተሩን በግፊት ውሃ እናስመታለን። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። በሶኬቶቹ አፍ ላይ ያለው ላስቲክ ከሃያ ዓመት በኋላ ደርቋል፤ ውሃው ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ የመዳቡ እግር አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል። ሞተሩ ይቆሽሽ ግድ የለም፤ በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ሶኬት ከተከፈተ አረንጓዴው በኤሌክትሪክ ማጽጃ ፈሳሽ ይጽዳ፤ ቤንዚን አይነካው።

ከውጭ የሚመጣውን ካስቀሩ በኋላ ከውስጥ የሚመጣው አለ። በፊት መስታወቱ ግርጌ ያለው የውሃ መውረጃ በዛፍ ቅጠል ሲዘጋ ዝናቡ ወደ መኪናው ውስጥ ይሻገራል። የማቀዝቀዣው ውሃ መውጫ ቱቦ ሲዘጋም በተሳፋሪው እግር በኩል ምንጣፉ ይረጥባል። ኮምፒውተርዎ ያለው በዚያው በኩል ስለሆነ እርጥበቱ ጎረቤቱ ነው። ምንጣፉን በሳምንት አንድ ጊዜ በእጅዎ ይዳስሱት። ከረጠበ ማድረቅ ብቻ አይበቃም፤ መግቢያው ይገኝ።

አንድ ጊዜ የአጋሮ ሰው ውሃ የገባበትን ኮምፒውተር ሩዝ ውሃ ይመጥጣል ሲባል ሰምቶ፣ ሩዝ ስላልነበረው ጤፍ ውስጥ ቀብሮ አመጣልኝ። ጤፉ ውሃውን መምጠጡን እንጃ፤ ሶኬቱን ግን እግር በእግር ሞልቶታል። ሁለት ቀን በመርፌ ስለቅም ሰነበትኩ። ኮምፒውተር ውሃ ከነካው መጀመሪያ ባትሪው ይፈታ፣ ሶኬቱ ይነቀል፣ ክዳኑ ይከፈት፣ ሰሌዳው በንጹሕ አልኮል ታጥቦ በጥላ ይድረቅ። ደርቆ ሳይታይ ቁልፍ አይዙር፤ ውሃ ብቻውን ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው የሚያደርሱት ይብሳል።

ለውሃ የሚያግዙት አይጦች ናቸው። ቡና መጋዘን አጠገብ የምታቆሙ ሁሉ ኮፈኑን በየጊዜው ክፈቱ። የቡና ገለባ ተጎዝጉዞ፣ ሽቦ ተቆርጦ፣ ልጅ ተወልዶ አግኝቻለሁ።

ሦስተኛው የሰው እጅ ነው። ሽቦ ለመፈተሽ በመርፌ መውጋት፣ የተቆረጠውን በጣት ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል፣ ፊውዝ ሲቃጠል በወፍራም ሽቦ መተካት። እያንዳንዷ የናስትሮ ቋጠሮ ከሁለት ክረምት በኋላ የምትመጣ ሕመም ናት። መገጣጠሚያው ይበየድ ወይም በትክክለኛ ማያያዣ ይጨመቅ፣ በሙቀት በሚጠብቅ ቱቦ ይሸፈን። የቆየ መኪናን ኤሌክትሪክ ከሚያሳምሙት ነገሮች ብዙዎቹ ፋብሪካው የሠራቸው አይደሉም፤ እኛ የጨመርናቸው ናቸው።

የካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ጉዳይም ይነሣል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ የጃፓን መኪኖች ኮምፒውተር ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የያዙ ካፓሲተሮች እየፈሰሱ ሰሌዳውን ይበላሉ። ክዳኑ ሲከፈት የዓሣ ሽታ ከሸተተ እሱ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜያቸው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የጅማ አየር እዚህ ላይ ይረዳናል። የእርስዎ መኪና ከዚያ ዘመን በኋላ የመጣ ስለሆነ አያሳስበኝም። ብየዳው ሲሠራ አይን ጣል ይደረግበት፣ በቃ።

ምን ይግዙና ያስቀምጡ? ብዙ አይደለም። ቁጥሩ የገጠመ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር የሚያነበው)፣ አንድ ኮይል (ለሻማው እሳት የሚሰጠው)፣ ሁለት ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ)። በዕድሜ የሚደርቅ ላስቲክ ግን አያከማቹ። ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ደግሞ ይህን ይጠይቁ፦ ሴንሰሩን ከነሶኬቱና ከነአንድ ስንዝር ሽቦው ቆርጠው እንዲሰጡዎ። ነጋዴው ይገረማል፤ ርካሽ ነው፤ ግን የድሮ ሶኬት ለማግኘት ከሴንሰሩ ይልቅ ያስቸግራል፣ ሲደርቅም በእጅ ላይ ይሰባበራል።

የአየር ከረጢቱን በተመለከተ አጭር ልሁን። ከኤሌክትሪኩ ሁሉ ብቸኛው ሰው ሊገድል የሚችል ክፍል እሱ ነው። ሽቦዎቹ በቢጫ ሶኬት ይታወቃሉ፤ አምፖል ባለው መፈተሻ አይነኩም፤ ባትሪው ተፈትቶ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይቆይ እጅ አይገባም። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሠርቶ በብዙ ዓይነት መኪኖች ውስጥ የገባው ማፈንጃ፣ ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት እየተበላሸ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ እንደሚረጭ ስለታወቀ በዓለም በታሪክ ትልቁ የመኪና ጥሪ ተደርጎበታል። የሻሲ ቁጥርዎን ይዘው መኪናዎ ከነዚህ መካከል መሆኑን ያጣሩ። እርጥብ አገር ነው ያለነው።

ወደ ወንድምዎ ልመለስ። ኤሌክትሪክ መኪና መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ከኮምፒውተር ሸሽቶ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መሄድ ከዝናብ ሸሽቶ ወንዝ መግባት ነው፤ እሱ ከነጎማው ኮምፒውተር ነው። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ፣ ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ከጣለ ወዲህ፣ እጅ ላይ ያለ ደህና ቶዮታ በዋዛ የሚለቀቅ አይደለም።

ግን እኔም ሽጡ የምልበት ቀን አለ። ዋናው የሽቦ ጥቅል ከተቃጠለ፣ ውሃ ከክሩስኮቱ በላይ ከወጣበት፣ ወይም የአካሉ ብረት በዝገት ከተበሳሳ። የእርስዎን ሞተር በተመለከተ ደግሞ ከኮምፒውተሩ የበለጠ የምፈራው አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ራቭ ፎሮች ላይ የሚገኙት 1ኤዜድና 2ኤዜድ የተባሉ ሞተሮች ላይ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) የያዙት ብሎኖች ከኋላ በኩል ከአልሙኒየሙ ጥርስ እየበሉ ይለቃሉ፤ ውሃ በቀስታ መጉደል ይጀምራል። ራዲያተርዎ በወር ስንት እንደሚጎድልበት ያውቃሉ? ካላወቁ ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ፣ በማጠራቀሚያው ላይ መስመር ያስምሩና ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ይመልከቱት። ብዙ ከጎደለ ስለ ኮምፒውተሩ ወጪ ከማውራታችን በፊት ሞተሩ ይታይ።

የሚቀጥለው ጉዞዎ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ከመሄድዎ በፊት መኪናው ቀዝቅዞ እያለ እንለካው፤ ሲመለሱ ደግሞ ቤት ሳይገቡ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ በቀጥታ ይምጡ። መንገድ ላይ መብራቱ ከበራ ማንም ኮዱን እንዳያጠፋው፣ ባትሪውንም እንዳይነቅለው። የካምቢዮውን ዘይት ወልቂጤ ላይ የሚጨምርልዎ ደግ ሰው ቢያጋጥምዎም ይከልክሉት፤ የቆየውን ቀለምና ሽታ ማየት እፈልጋለሁ። ያሉዎትን ቁልፎች ሁሉ ይዘው ይምጡ።